ሳጥኑ ለማን ይታዘዛል?

(በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ስለሚቀመጥ አስተርጓሚ በአምቦ ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። የአፈርን እርጥበት እየለካ የውኃ ፓምፕ የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ትንሽ ሳጥን ሠርቼ ነበር። የሞከርኩት እዚሁ አምቦ፤ ቀይ አፈር በሞላሁበት ባልዲ ላይ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ፓምፑ ይከፈታል፤ ሲርስ ይዘጋል። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ከዚያም ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ ጊንጪ አቅራቢያ ወረድኩና በአንድ ሽማግሌ ገበሬ የሽንኩርት መደብ ላይ ተከልኩት።

የጊንጪ መሬት ግን እንደምታውቁት ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። በቀይ አፈር ላይ «ደረቅ» ያልኩት ቁጥር በዋልካ ላይ ደረቅ ማለት አልነበረም። ሳጥኑ ሳያስፈልግ አጠጣ፤ ሽንኩርቱም ውኃ ተኝቶበት ቢጫ ሆነ። ሽማግሌው በስልክ «ትንሽ ቀንስልኝ» አሉኝ። የሚቀነሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ነገር ግን ያንን አንድ ቁጥር ለመለወጥ ላፕቶፕ፤ ገመድ፤ ፕሮግራሙን ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚተረጉም ሶፍትዌር፤ እንዲሁም እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር። ጽሑፉ ያለበት ላፕቶፕ ደግሞ ተበላሽቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስደርስ ሽማግሌው የፓምፑን ገመድ ነቅለው በባልዲ ያጠጣሉ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ እንዲህ ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤

— ልጄ፤ ይህ ሳጥን የሚታዘዘው ለማን ነው? ለእኔ አይደለም፤ ላንተም አይደለም።

መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ልግለጽ። ኮምፒዩተር ስንል ብዙዎቻችን ስክሪንና ኪቦርድ ያለውን እናስባለን። ነገር ግን ከዚህ ዓይነቱ እጅግ የሚበዛው በሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው ነው፤ በካርድ ቆጣሪው፤ በልብስ ማጠቢያው፤ በመኪናው ሞተር፤ በፓምፕ መቆጣጠሪያው ውስጥ አለ። በትምህርት ቤት የምንለማመድበት አርዱዪኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ የያዘው ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ይህች ጥፍር የምታህል ዕቃ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፤ ለጊዜያዊ ሥራ 2 ኪሎባይት፤ መብራት ቢጠፋም ሳይጠፋ ለሚቆይ መረጃ 1 ኪሎባይት ቦታ አላት። በሰሌዳው ላይ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች። በኪሳችሁ ያለው ስልክ 4 ጊጋባይት ጊዜያዊ ማስታወሻ ቢኖረው ከዚህች ዕቃ ከሁለት ሚሊዮን እጥፍ በላይ መሆኑን አስቡት።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ዕቃ ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። እኛ የአምቦ ልጆች ሁለቱንም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አንድ መጽሐፍ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሊተረጎም ይችላል። ተርጓሚው ቤቱ ተቀምጦ ይጨርሰዋል፤ መጽሐፉ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ተርጓሚው ባይኖርም ይነበባል። ነገር ግን አንድ ቃል እንለውጥ ብንል ወደ ተርጓሚውና ወደ ማተሚያ ቤቱ መመለስ አለብን። የእኔ ሳጥን እንደዚህ ነበረ። ሁለተኛው መንገድ በፍርድ ቤት የምናየው አስተርጓሚ ነው። እሱ በባለ ጉዳዩና በዳኛው መካከል ቆሞ የተነገረውን ቃል እዚያው በዚያው ያደርሳል። ባለ ጉዳዩ ቃሉን ቢለውጥ አስተርጓሚውም ወዲያው ይለውጣል። ታዲያ በሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አስቀድመን ብናስቀምጥ፤ የሳጥኑ ባለቤት በስልኩ ብሉቱዝ «ከ500 ይልቅ 600 ይሁን» ብሎ ሊያዘው ይችላል። ላፕቶፕም፤ እኔም፤ የጠፋው ጽሑፍም አያስፈልጉም።

«በ2 ኪሎባይት ውስጥ አስተርጓሚ እንዴት ይገባል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒዩተር የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ማስታወሻ 2,048 ቃል ብቻ ነበረው፤ ቋሚው ደግሞ 36,864 ቃል። መሐንዲሶቹ በዚያ ውስጥ አስተርጓሚ አስቀመጡ። ያስቀመጡትም ለቅንጦት አልነበረም፤ ረጅሙ የአቅጣጫ ስሌት በአጭር ትእዛዝ ሲጻፍ ቦታ ስለሚቆጥብ ነው። ዋጋው ፍጥነት መቀነሱ ነበር፤ እነሱም ያንን ዋጋ አውቀው ከፈሉ።

ከአስተርጓሚዎች ሁሉ ለትንሽ ዕቃ በጣም የሚስማማው ፎርዝ የተባለው ነው። ቻርልስ ሙር የተባለ አሜሪካዊ ብዙ ዓመት ለራሱ ሥራ ሲያሻሽለው ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኪት ፒክ በተባለ ተራራ ላይ የነበረውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አዘዘበት። ስሙን በእንግሊዝኛ «አራተኛ» ከሚለው ቃል ነው የወሰደው፤ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ከአምስት ፊደል የበለጠ የፋይል ስም ስለማይቀበል አንድ ፊደል ጎደለ ይባላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በጅራታም ኮከብ ላይ ያረፈችው ፊሌ የተባለች መሣሪያም የፎርዝን አሠራር ተከትሎ የተሠራ ፕሮሰሰር ነበራት።

የፎርዝ አስተርጓሚ ሥራ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። አንድ ቃል ያነብባል፤ በመዝገበ ቃላቱ ካገኘው የተባለውን ያደርጋል። ካላገኘው ቁጥር መሆኑን ይመለከታል፤ ቁጥር ከሆነ በክምር ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ካልሆነ «ይህን ቃል አላውቅም» ይላል። ክምር ያልኩት በሌማት ላይ እንደሚደረደር እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የተደረበው መጀመሪያ ይነሣል። ሁለት ቁጥር ደርበን «ደምር» ስንለው ሁለቱን አንሥቶ ድምሩን መልሶ ያስቀምጣል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ፎርዝን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያጉረመርምበት አንድ ነገር አለ፤ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ለእሱ የሚቀናው «ክፈት ፓምፕ» ነው፤ ፎርዝ ግን «ፓምፕ ክፈት» ይላል። ወንድሞቼ፤ እኛስ ምን እንላለን? እኛም «ፓምፕ ክፈት» ነው የምንለው! ኦሮምኛም ግሡን መጨረሻ ያደርጋል። ከዚህም በላይ በፎርዝ «ከሆነ» የሚለው ቃል ከሁኔታው በኋላ ይመጣል፤ ይህ ለሌላው እንግዳ ሲሆን ለእኛ የእናታችን አነጋገር ነው። በአማርኛ ቃላት የተሠራ ፎርዝ ቢኖር የሽማግሌው ሳጥን የሚታዘዝበት ጽሑፍ ይህን ይመስላል፤

፡ አጠጣ ፓምፕ ክፈት 10 ደቂቃ ቆይ ፓምፕ ዝጋ ።

፡ ጠብቅ ድርቀት 500 የሚበልጥ ከሆነ አጠጣ ይብቃ ።

ፎርዝ አዲስ ቃል ሲፈጥር በሁለት ነጥብ ይጀምራል፤ እኛም በሁለት ነጥብ ጀምረን በአራት ነጥብ ዘጋነው። በመጀመሪያው መስመር «አጠጣ» የሚባል አዲስ ቃል ተወለደ። «ፓምፕ» የፓምፑን እግር ቁጥር በክምሩ ላይ ያስቀምጣል፤ «ክፈት» ያንን ያነሣና ኤሌክትሪኩን ይለቃል። «10» ይደረባል፤ «ደቂቃ» በ60 ያባዛውና 600 ያደርገዋል፤ «ቆይ» 600 ሴኮንድ ይጠብቃል። ከዚያም ፓምፑ ይዘጋል። በሁለተኛው መስመር «ድርቀት» ከአፈሩ የተነበበውን ቁጥር ያመጣል፤ ከ500 የሚበልጥ ከሆነ «አጠጣ» ይሠራል፤ «ይብቃ» ሁኔታው የሚያበቃበት ነው። ሳጥኑም «ጠብቅ» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ይኖራል። ሽማግሌው 500ውን በ600 ለመተካት ምሕንድስና መማር አያስፈልጋቸውም።

ስለ ቦታው ደግሞ በቁጥር እንየው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፤ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር እንዳለ በጽሑፍ ቢቀመጥ ከነክፍት ቦታው 74 ባይት ነው። በ1 ኪሎባይት ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ከ13 አይበልጥም ማለት ነው። ፎርዝ ግን ጽሑፉን አያስቀምጥም። እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላቱ ያለበትን አድራሻ በ2 ባይት ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ የ«አጠጣ» ሥራ 18 ባይት፤ ስሙና ማያያዣው ደግሞ 12 ባይት ያህል፤ በድምሩ 30 ይሆናል። «ክፈት» የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይቱን የሚከፍለው አንድ ጊዜ፤ በመዝገበ ቃላቱ ሲገባ ብቻ ነው። እንግዲህ «አማርኛ ለትንሽ ኮምፒዩተር ይከብዳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጽሑፉ ይከብዳል፤ ሥራው አይከብድም።

የሚከብደው ሌላ ቦታ ነው። በርካሽ የሚገኘው ባለ ሁለት መስመር ስክሪን የላቲን ፊደል ያውቃል እንጂ የእኛን አያውቅም፤ እኛ ሥለን ልናስገባለት የምንችለው በአንድ ጊዜ ስምንት ምልክት ብቻ ነው። በስምንት ፊደል አማርኛ አይጻፍም። በሥዕል መልክ የሚጽፈውን ትንሽ ስክሪን ብንወስድ፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ እያንዳንዱ 32 ባይት ቢፈልግ 7,392 ባይት ነው። ከ32 ኪሎባይቱ ሩብ አይሞላም፤ ስለዚህ ይገባል። ኦሮምኛ ግን በቁቤ ስለሚጻፍ በርካሹ ስክሪን ላይ ያለ አንዳች ችግር ይታያል። በጊንጪ፤ በጉደርና በጌዶ ያሉ አብዛኞቹ ገበሬዎች የሚናገሩት ኦሮምኛ መሆኑን አንርሳ። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ ሁለት ስም ይኑረው፤ «ክፈት» የሚልም «በኒ» የሚልም፤ «ዝጋ» የሚልም «ጩፊ» የሚልም ወደ አንድ ሥራ ይድረስ። ለፎርዝ ይህ ለአንድ ቃል ጥቂት ባይት መጨመር ብቻ ነው። ባለቤቱ በማይናገረው ቋንቋ ብቻ የሚታዘዝ ሳጥን ዞሮ ዞሮ ያው የእኔ የመጀመሪያው ሳጥን ነው።

አንዳንዱ ወንድሜ «ይህ ለሀብታም አገሮች የተተወ ሥራ ነው» ሊለኝ ይችላል። ለእሱ የብራዚልን ታሪክ ልንገረው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር ከውጭ እንዳይገባ በሕግ ታጥብቅ ነበር። በሪዮ ዴ ጃኔሮ የጳጳሳዊው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች፤ ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፤ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌይሬዶና ቫልዴማር ሴሌስ፤ ፔትሮብራስ ለተባለው የነዳጅ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስላልነበሩ ቀላል ቋንቋ ያስፈልጋቸው ነበር። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ሉዋ የተባለውን ቋንቋ ሠሩ፤ ትርጉሙ በፖርቱጋልኛ «ጨረቃ» ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው «ሶል» ማለትም «ፀሐይ» ስለነበረ ነው። ዛሬ ሉዋ በዓለም ዙሪያ በኮምፒዩተር ጨዋታዎችና በኢንተርኔት ማሠራጫ ሳጥኖች ውስጥ ይሠራል። መነሻው ግን የአገር ውስጥ ችግርና ፕሮግራም የማያውቅ ባለ ሥራ ነበር። የእኛም ሽማግሌ ያው ናቸው።

ከእኛም ዘንድ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ በምናውቃት በወንጪና በወለንጪቲ፤ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፤ በስሕተት ተዘግቶ የተሰጠውን ካሜራ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዚሁ ድርጅት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሺህ እየተቆጠሩ ወደ አገራችን ገብተው ነበር። እነዚያ ላፕቶፖች ሲበሩ ከሁሉ በፊት የሚነቃው ፕሮግራም በፎርዝ የተጻፈ፤ በውስጡም የፎርዝ አስተርጓሚ የያዘ ነበር። እንግዲህ አስተርጓሚው በየክፍላችን ገብቶ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን አላነጋገርነውም።

ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ ተናግሬ ጉዳቱን ብደብቅ አታላይ እሆናለሁ። አንደኛ፤ አስተርጓሚ ቀርፋፋ ነው። በቀጥታ ከተተረጎመ ፕሮግራም በብዙ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። አፈር በደቂቃ ውስጥ ስለማይደርቅ ለመስኖ ምንም አይደለም፤ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ መታዘዝ ለሚገባው ሞተር ግን አይሆንም። እንዲህ ያለው ሥራ በቀጥታ ተጽፎ አስተርጓሚው ከላይ «ጀምር፤ አቁም» ቢል ይበቃል። ሁለተኛ፤ ሰው ይሳሳታል። 10 ደቂቃ ሊል 100 ደቂቃ ቢጽፍ ፓምፑ ደርቆ ይቃጠላል። ስለዚህ ፓምፕ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ የሚያግደው ሕግ ከአስተርጓሚው በታች፤ ማንም በስልክ ሊለውጠው በማይችልበት ቦታ መጻፍ አለበት። ሦስተኛ፤ መብራት ይጠፋል። ሳጥኑ ውኃ እያጠጣ መብራት ቢጠፋና ቢመለስ የመጀመሪያ ሥራው ፓምፑን መዝጋት ይሁን። አራተኛ፤ አስተርጓሚው ራሱ ቢደነዝዝ ተቆጣጣሪው ሰዓት እንደገና ያስነሣው፤ ይህ ሰዓት በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ነውና ገንዘብ አያስወጣም። አምስተኛ፤ በብሉቱዝ የሚያልፍ ሁሉ እንዳያዘው ሳጥኑ የይለፍ ቃል ይኑረው።

«ዘመኑ ተለውጧል፤ ዛሬ ባለ 264 ኪሎባይት ሰሌዳ በርካሽ ይገኛል፤ ማይክሮፓይተንን ጭነን እንገላገል» የሚል አለ። እኔም አልቃወምም። ማይክሮፓይተን ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴሚየን ጆርጅ የጀመረው ሥራ በ256 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና በ16 ኪሎባይት ጊዜያዊ ማስታወሻ ይበቃዋል። ለሥራ የሚሻላችሁን ውሰዱ። ለትምህርት ግን አንዱን ራሳችሁ ጻፉት። ሰው የጻፈው አስተርጓሚ ሲበላሽ ራሱ ይጠግነዋል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ግን ደጅ ይጠናበታል።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ፈቃደኞች ተሰብስበን በዚህ ሴሚስተር አንድ ትንሽ ፎርዝ እንጻፍ፤ ብልኃተኛ ሰው በጥቂት መቶ መስመር ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፤ የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ቃላት የምሕንድስና ተማሪ ብቻውን አይምረጥ፤ የቋንቋ ተማሪዎችና የእርሻ ተማሪዎች አብረው ይቀመጡ። ይህ ቦታ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ እንደጀመረ አንርሳ፤ ከአፈር የራቀ ምሕንድስና እዚህ አያምርም። ሦስተኛ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማናችንም ሳጥን ስንሠራ ጽሑፉን በወረቀት አትመን ከሳጥኑ ጋር እንተው። ጥቂት መቶ መስመር ማለት ከዚህ መጽሔት አሥር ገጽ አይሞላም። ወረቀት ላፕቶፕ ሲበላሽ አብሮ አይበላሽም።

ወደ ጊንጪ እንደገና ሄጄ ነበር። አዲሱ ሳጥን ገና ፍጹም አይደለም፤ የሚያውቃቸው ቃላት ከሠላሳ አይበልጡም። ለሽማግሌው ስልኩን ሰጠኋቸው። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ «600» ብለው ጻፉና ላኩት፤ ሳጥኑም «እሺ» ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄስ ለምን አስቀድሞ አልሆነም?» አሉኝ።

— አባባ፤ አላወቅሁም ነበር፤ አልኳቸው።

— አሁን ካወቅህ ለሌሎቹም ንገራቸው፤ አሉኝ።

እነሆ ነገርኳችሁ።